የኮንክሪት ኪዩብ ውጤትን በየትኛው ስሌት እንመርምር? ለግንባታ ዕቃዎች ቤተ ሙከራ የተዘጋጀ የስታቲስቲክስ ንጽጽር መመሪያ

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ እየተሠራ ነው እንበል። በንድፉ ላይ የተጠየቀው ኮንክሪት ሲ-25 ነው፤ በስድስት የተለያዩ ቀናት ከተሞላው ኮንክሪት በየቀኑ ሦስት ሦስት ኪዩብ ተወስዶ በ28ኛው ቀን ሲሰበር የየዕለቱ አማካይ 29.1፣ 27.4፣ 31.0፣ 26.2፣ 30.3 እና 28.0 ሜጋፓስካል ሆነ። ከስድስቱ አንዱም ከ25 አልወረደም። የተቋራጩ መሐንዲስ «ሁሉም አልፏል» ይላል፤ የአማካሪው መሐንዲስ ደግሞ ያንኑ ቁጥር ይዞ «ገና አላለፈም» ሊል ይችላል። ሁለቱም የተጠቀሙበት ስሌት የታወቀና ተቀባይነት ያለው ነው። የሚለያዩት ለቁጥሮቹ ባቀረቡት ጥያቄ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በቤተ ሙከራ ውስጥ በብዛት የምንጠቀምባቸውን ስሌቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ የትኛው ለየትኛው ጥያቄ እንደሚስማማና እኔ በየትኛው ሁኔታ የትኛውን እንደምመርጥ አስረዳለሁ። ከላይ ያሉት ስድስት ቁጥሮች ለማስረጃ ያህል የተቀመጡ ናቸው፤ እስከ መጨረሻው ግን አብረውን ይዘልቃሉ።

ከስሌቱ በፊት ናሙናው

በቤተ ሙከራ ሪፖርቶች ላይ የማያቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ ከቀመር የሚመጡ አይደሉም፤ የሚጀምሩት ናሙናው ሲቆጠር ነው። በምሳሌያችን የተሰበረው ኪዩብ 18 ስለሆነ የናሙናው ብዛት 18 ነው ብሎ ወደ ኤክሴል መግባት ቀላል ነው። ነገር ግን ከአንድ ሚክሰር ወጥተው በአንድ የእጅ ጋሪ የመጡ ሦስት ኪዩቦች የተሠሩት ከአንድ ሲሚንቶ፣ ከአንድ አሸዋ፣ በአንድ የውኃ መጠንና በአንድ የከሰዓት ሙቀት ነው። ከአንድ ቤት የመጡ ሦስት ምስክሮች ያንኑ አንድ ነገር በሦስት አፍ ይናገራሉ እንጂ ሦስት ነገር አላዩም። ስለ ስድስቱ ቀናት ሥራ የምንጠይቅ ከሆነ ያሉን ምስክሮች ስድስት ናቸው። የየቀኑን ሙሌት ልዩነት ይዞ ብዛቱን 18 ያደረገ ሰው የአማካዩን የስሕተት መጠን በ6 ካሬ ሥር ማካፈል ሲገባው በ18 ካሬ ሥር ስለሚያካፍል፣ ርግጠኝነቱን 1.7 ጊዜ ያህል አጋንኖ ያቀርባል።

ይህ ሲባል ሦስቱን ኪዩቦች መስበር ከንቱ ድካም ነው ማለት አይደለም፤ የሚመልሱት ጥያቄ ሌላ ስለሆነ ነው። በአንድ ቀን ሦስት ኪዩቦች መካከል ያለው ልዩነት፣ ማለትም ከትልቁ ላይ ትንሹ ሲቀነስ የሚገኘው፣ ከኮንክሪቱ ይልቅ ስለ ራሳችን ሥራ ይናገራል፦ ሻጋታው ቀጥ ያለ ነበር ወይ፣ ኪዩቡ በደንብ ተጠቅጥቋል ወይ፣ ማሽኑ በሰከንድ 0.6 ሜጋፓስካል ገደማ በሆነ ፍጥነት ጭኗል ወይ፣ ሻጋታ ያልነካው የላይኛው ፊት ወደ ጎን ዞሮ ተቀምጧል ወይ። የበርካታ ቀናትን ልዩነት አማካይ ወስደን ለ1.693 (ለሦስት ናሙና የሚያገለግል ቋሚ ቁጥር ነው) ብናካፍለው በአንድ ሙሌት ውስጥ ያለውን ስታንዳርድ ዲቪዬሽን፣ ማለትም ውጤቶቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚበታተኑ የሚለካውን ቁጥር፣ እናገኛለን። ይህ ቁጥር ከአማካዩ ጥንካሬ አንጻር ከ3 በመቶ በታች ከሆነ በአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት መመዘኛ እጅግ ጥሩ የሥራ ቦታ ቁጥጥር ነው፤ ከ6 በመቶ ካለፈ ደካማ ይባላል። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ቤተ ሙከራ ስለ ተቋራጩ ኮንክሪት ከመፍረዱ በፊት የራሱን ሻጋታና ማሽን መመርመር አለበት።

በሙሌቶች መካከል ያለውንና በአንድ ሙሌት ውስጥ ያለውን ልዩነት በአንድ ሠንጠረዥ ለይቶ ማየት የሚፈልግ ሰው የልይይት ትንተና የሚባለውን፣ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ለእርሻ ሙከራ ያዳበረውን ስሌት መጠቀም ይችላል። ለዕለት ሥራ ግን በ1.693 የሚካፈለው ቀላል ስሌት ይበቃል።

ለመቀበል፦ በ1.64፣ በ2.18 ወይስ በ3.71?

ክርክሩ የሚበዛው በዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንየው። የስድስቱ ቀናት አማካይ 28.67፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 1.81 ነው። ኤክሴል ሁለት ዓይነት ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ስላለው ለናሙና የተዘጋጀውን፣ ከብዛቱ ላይ አንድ ቀንሶ የሚያካፍለውን መምረጥ ይገባል፤ ሌላኛው 1.65 ብሎ ልዩነቱን አሳንሶ ያሳያል።

ሲ-25 ስንል ካራክተሪስቲክ ጥንካሬው 25 የሆነ፣ ይኸውም ከመቶው ውስጥ ከዚያ በታች የሚወርደው ከአምስት የማይበልጥ ኮንክሪት ማለታችን ነው። ሁላችንም በትምህርት ቤት የተማርነው ስሌት ከአማካዩ ላይ 1.64 እጥፍ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ይቀንሳል፤ ውጤቱ 25.69 ስለሚሆን ኮንክሪቱ ያልፋል። ይሁን እንጂ 1.64 የሚሠራው እውነተኛው አማካይና እውነተኛው ልዩነት በርግጥ ሲታወቁ ነው። በስድስት ሙሌት ብቻ የተገኘ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ራሱ ግምት ነው፤ በሌላ ሳምንት ሌሎች ስድስት ቀናት ብንወስድ 1.2 ወይም 2.5 ሊሆን ይችል ነበር።

የአውሮፓ የግንባታ ንድፍ ኮድ የሆነው ዩሮኮድ ለዚህ ማስተካከያ ሰጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጡት የአገራችን የሕንፃ ኮዶችም የተመሠረቱት በዩሮኮድ ላይ ነው። ልዩነቱ አስቀድሞ ካልታወቀ ለስድስት ናሙና የሚባዛው ቁጥር 2.18 ነው፤ ለሦስት ናሙና ወደ 3.37 ይወጣል፣ ለ10 ወደ 1.92፣ ለ30 ደግሞ ወደ 1.73 ይወርዳል። በ2.18 ስናሰላ 24.71 እናገኛለን። ያው ኮንክሪት በዚህ ስሌት ለጥቂት ወደቀ። ነገር ግን ተቋራጩ በዚያው ቅልቅልና በዚያው የሠራተኛ ቡድን ለረጅም ጊዜ የሠራበት መዝገብ ኖሮት ልዩነቱ 1.8 አካባቢ መሆኑ አስቀድሞ ከታወቀ፣ የሚባዛው ቁጥር 1.77 ስለሚሆን ውጤቱ 25.46 ሆኖ ያልፋል። መዝገብ በአግባቡ የሚይዝ ተቋራጭ የሚያገኘው ጥቅም እዚህ ላይ በቁጥር ይታያል።

ሦስተኛው አማራጭ የቶለራንስ ገደብ የሚባለው ነው፤ «ከመቶው 95 እጁ ከዚህ በላይ መሆኑን 95 በመቶ ርግጠኛ ነኝ» ለማለት ለስድስት ናሙና 3.71 ያባዛል። ውጤቱ 21.94 ነው። ለተራ የሕንፃ ኮንክሪት ይህን መጠየቅ ከልክ ያለፈ ጥብቅነት ይመስለኛል፤ ሲወድቅ የሰው ሕይወት የሚቀጥፍና ምትክ ደጋፊ የሌለው አካል ሲሆን፣ ለምሳሌ የክሬን መንጠቆ ወይም የማንሻ ብሎን ሲፈተሽ ግን በዚህ ስሌት እሠራለሁ።

በተግባር የምንቀበለው በኮድ በተጻፈ መስፈርት ስለሆነ እሱንም እናነጻጽር። የአውሮፓው የኮንክሪት መስፈርት ኢ.ኤን. 206 በሥራ መጀመሪያ ላይ ላለ ኮንክሪት የሦስት ሙሌት አማካይ ከተጠየቀው በ4 ሜጋፓስካል እንዲበልጥ፣ አንድም ውጤት ደግሞ ከተጠየቀው ላይ ከ4 በላይ እንዳይወርድ ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አማካይ 29.2 ስለሆነ ያልፋል፤ የኋለኞቹ ሦስት 28.2 ስለሆነ 29 አልሞላም። የአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት ኮድ የሆነው ኤ.ሲ.አይ. 318 የሦስት ተከታታይ ውጤቶች አማካይ ከተጠየቀው እንዳያንስ ብቻ ይጠይቃል፤ ለነጠላ ውጤትም በ3.5 ሜጋፓስካል መውረድን ይፈቅዳል። በዚህ አያያዝ ምሳሌያችን ያለ ችግር ያልፋል፤ ሆኖም የአሜሪካው መስፈርት የተጻፈው ለሲሊንደር እንጂ ለኪዩብ እንዳልሆነና ሲ-25 ስንል የኪዩብ ጥንካሬ ማለታችን እንደሆነ መዘንጋት የለበትም። በውሉ ላይ የትኛው ኮድ እንደተጠቀሰ ሳያዩ ከሁለቱም የሚመቸውን እየመረጡ መፍረድ ፈጽሞ አይገባም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሪፖርቶች ላይ «በ95 በመቶ ርግጠኝነት ጥንካሬው ከ26.8 እስከ 30.6 ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አያለሁ። ይህ ዊልያም ጎሴት እ.ኤ.አ. በ1908 «ስቱደንት» በሚል ስም ባወጣው ስርጭት የሚሰላ፣ የአማካዩ ወሰን ነው፤ አማካዩ የት እንዳለ ይናገራል እንጂ ደካማው ኮንክሪት እስከ የት እንደሚወርድ አይናገርም። ሕንፃውን የሚጥለው ደግሞ ደካማው ነው።

ያፈነገጠ ውጤት ሲመጣ

ከዓመታት በፊት በአንድ ሥራ ላይ የሦስት ኪዩብ ውጤት 31.2፣ 30.4 እና 22.1 ሆኖ መጣልኝ። ረዳቴ ሦስተኛውን ከውኃ ገንዳው አውጥቶ በጨርቅ እየጠረገ «ኢንጂነር፣ ይሄኛው ቀለለብኝ» ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን ሥራ በዝቶብኝ ነገሩን ችላ አልኩት። ውጤቱን ሳይ 22.1ን አውጥቼ የሁለቱን አማካይ 30.8 ብዬ ጻፍኩ። አማካሪው በማግሥቱ ደውሎ «በምን ማስረጃ አወጣኸው?» ሲለኝ አንድ ውጤት ከሌሎቹ አፈንግጦ እንደሆነ የሚመረምረውን የግረብስን ሙከራ አሰላሁ። ዝቅተኛው ውጤት ከአማካዩ ያለው ርቀት ለስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ሲካፈል 1.151 መጣ፤ ሙከራው ደግሞ ለማውጣት ከ1.153 በላይ ይፈልጋል። ለሦስት ናሙና ይህ ቁጥር ከ1.155 በላይ ሊሄድ እንደማይችል የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ እጅግ ካልተቀራረቡ በስተቀር ሦስተኛው ብዙ ቢርቅም ሙከራው አፈንጋጭ አይለውም።

ያዳነን የረዳቴ መዝገብ ነው። ባለ 150 ሚሊ ሜትር ኪዩብ በደንብ ከተጠቀጠቀ 8.1 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሁለቱ 8.1 እና 8.2 ሲሆኑ ሦስተኛው 7.6 ተብሎ በእጁ ጽሑፍ ተመዝግቦ ነበር። ስብርባሪውን ስንፈልግ አንዱ ማዕዘኑ በአየር ቀዳዳ የተበሳሳ፣ እንደ ጥሩ ኪዩብ በአራቱም ጎን እኩል ሳይፈረከስ በአንድ ወገን ብቻ የተገመሰ ሆኖ አገኘነው። ጥፋቱ የአጠቃቀጥ ነበር፤ ውጤቱን ለማውጣት በቂ ምክንያት የሆነውም ይህ እንጂ ርቀቱ አልነበረም።

ስለዚህ ከግረብስ ሙከራ ይልቅ የኢ.ኤን. 206ን አካሄድ እመርጣለሁ። በአንድ ሙሌት ኪዩቦች መካከል ያለው ልዩነት ከአማካዩ 15 በመቶ ካለፈ፣ አንዱን ለይቶ ለማውጣት የሚያበቃ ምክንያት በምርመራ ካልተገኘ በቀር ሙሉ ውጤቱ ይሰረዛል። የእኛ ልዩነት 33 በመቶ ነበር። የግረብስ ሙከራ የሚጠቅመው 10 እና ከዚያ በላይ ናሙና ሲኖር፣ ያውም «ይህን ተመልከት» ለማለት ነው እንጂ ለመሰረዝ ፈቃድ አይሰጥም።

ሁለት አሸዋ ወይም ሁለት ሲሚንቶ ሲወዳደሩ

በድሬዳዋ ዙሪያ ካሉት ደረቅ ወንዞች የሚቆፈረው አሸዋ ከቦታ ቦታ፣ ከጎርፍ በፊትና በኋላም ይለያያል፤ «የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄም ሁልጊዜ ይመጣል። የተለመደው ምርጫ የሁለት ወገኖችን አማካይ የሚያወዳድረው የቲ ሙከራ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች እኩል ልዩነት አላቸው ብሎ ከሚያስበው ይልቅ ያን የማያስበውን የዌልች ዓይነት ሁልጊዜ መጠቀም ይሻላል፤ የሚያስወጣው ተጨማሪ ዋጋ የለም። ስርጭቱ ያጠራጠራቸው ሰዎች የማን-ዊትኒን የደረጃ ሙከራ ይመርጣሉ፤ ይህ ግን በትንሽ ናሙና አቅም የለውም። ሦስት ለሦስት ስናወዳድር የአንዱ ሦስቱም ከሌላው ሦስት ቢበልጡ እንኳ በሁለት ወገን የሚሰላው ዕድል ከ0.10 አይወርድም። ማለትም 5 በመቶን መለኪያ ላደረገ ሰው ሙከራው ከመጀመሩ በፊት መልሱ «አልታወቀም» ነው። አራት ለአራት ሲሆን ወደ 0.03 ሊወርድ ይችላል።

ከሁሉም የምመርጠው ጥንድ ሙከራ ነው። በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ሲሚንቶ ከረጢትና በአንድ ሠራተኛ፣ ሁለቱም አሸዋ ተከታትለው ይቀላቀሉ፤ በሌላ ቀን እንዲሁ ይደገም፤ ቅደም ተከተሉም ይቀያየር። ከዚያ የሚሰላው የየቀኑ ልዩነት ብቻ ነው። በእኛ ከተማ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ያለው የሙቀት ለውጥ ብቻውን ከአሸዋው ልዩነት ሊበልጥ ስለሚችል፣ አንዱን አሸዋ ሰኞ ጠዋት፣ ሌላውን ማክሰኞ በስምንት ሰዓት የሠራ ሰው የሚያወዳድረው ፀሐይን ከፀሐይ ጋር ነው።

የ7 ቀንን ውጤት ይዞ 28ኛውን ቀን መገመት

ማንም 28 ቀን መጠበቅ አይወድም፤ ስለዚህ የ7 ቀኑን ውጤት በአንድ ቋሚ ቁጥር ማባዛት ወይም በሪግሬሽን መስመር፣ ማለትም በቀደሙ ውጤቶች መካከል በተሰላ መስመር፣ መገመት የተለመደ ነው። ቋሚ ቁጥሩን ከሌላ ከተማ መዋስ አደገኛ ነው። በሙቀት ውስጥ የተሞላና ውኃው በሞቀ ገንዳ ውስጥ የቆየ ኮንክሪት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፈጥኖ ይጠነክራል፣ ኋላ ላይ የሚጨምረው ግን ያነሰ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ያለችው ሐረር ከ1800 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ ያንኑ ቅልቅል ሐረር ላይ ሞልቶ በድሬዳዋ መስመር መገመት በ7ኛው ቀን ዝቅ ያለውን ጤነኛ ኮንክሪት ደካማ ሊያስብል ይችላል፤ በተገላቢጦሽ ደግሞ ድሬዳዋ ላይ በ7ኛው ቀን አምሮ የታየው በ28ኛው ቀን ሊያሳፍር ይችላል። ገንዳው በመስፈርቱ መሠረት በ20 ዲግሪ አካባቢ ካልተያዘ ችግሩ ይብሳል።

ፖዞላና (እንደ እሳተ ገሞራ አመድ ያለ ተጨማሪ) ያለበት ሲሚንቶ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ከተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ ጋር በአንድ መስመር መጨመር የለበትም። ሪግሬሽን የምንሠራ ከሆነ ለየሲሚንቶው ዓይነት ለየብቻ፣ ከራሳችን መዝገብ፣ የመስመሩን ብቻ ሳይሆን የነጠላ ትንበያውን ወሰን ጭምር እናሳይ። ሁለቱ ወሰኖች እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ ለተቋራጩ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው።

ለሚሰባበር ድንጋይ

ፌሮ ብረት ሲጎተት ከመበጠሱ በፊት ይለጠጣል፤ ውጤቱም በኖርማል ስርጭት በደህና ይገለጻል። ድንጋይ፣ ሸክላና መስታወት ግን የሚሰበሩት በውስጣቸው ካለው ትልቁ ስንጥቅ ተነሥተው ስለሆነ፣ የስዊድኑ ዋሎዲ ዋይቡል እ.ኤ.አ. በ1939 ያቀረበው ስርጭት ይበልጥ ይስማማቸዋል። በሐረር ጁገል ውስጥ ላለ የድንጋይ ቤት ጥገና ተተኪ ድንጋይ የሚፈትሽ ሰው ይህን ሊያስብበት ይገባል፤ ምክንያቱም በዋይቡል ሕግ ትልቅ ድንጋይ ከትንሽ ናሙና ይልቅ ደካማ ነው። የዋይቡል ሞዱሉ (ሲያንስ የጥንካሬው መበታተን የሚበዛበት ቁጥር) 10 ከሆነ፣ በይዘት 10 እጥፍ የሆነው ድንጋይ በ21 በመቶ ገደማ ያነሰ ጥንካሬ ይኖረዋል። ሆኖም ሞዱሉን በአግባቡ ለማወቅ 30 ያህል ናሙና ያስፈልጋል፤ ስድስት ብቻ ካለን በሎግ ኖርማል ስርጭት መሥራት ይሻላል፤ ቢያንስ ከዜሮ በታች የሆነ ጥንካሬ አይሰጥም።

ሥራው ሲቀጥል፦ ሼዋርት ወይስ ኩሰም?

ሙሌቱ ለወራት የሚቀጥል ከሆነ ውጤቶቹን በጊዜ ቅደም ተከተል በወረቀት ላይ ማስፈር ከማንኛውም ሙከራ ይበልጣል። ዋልተር ሼዋርት እ.ኤ.አ. በ1924 ያቀረበው የቁጥጥር ቻርት በየቀኑ አንድ ውጤት ላለው ቤተ ሙከራ በቀላሉ ይሠራል፤ የተከታታይ ቀናት ልዩነቶች አማካይ በ2.66 ተባዝቶ ከአማካዩ ላይና ታች ወሰን ይሰመራል። ድንገተኛ ጥፋትን፣ ለምሳሌ ሲሚንቶ የጎደለበትን አንድ ቀን፣ ወዲያው ያሳያል። ቀስ ብሎ የሚመጣውን ግን አያይም፦ የአሸዋው ደለል በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ሲጨምር፣ ወይም ሙቀቱ ሲበረታ ሠራተኛው ኮንክሪቱ እንዲላላለት ውኃ እየጨመረ ሲሄድ። አማካዩ በአንድ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ቢወርድ የሼዋርት ቻርት እስኪጮህ በአማካይ 44 ውጤት ያስፈልገዋል።

ኢ. ኤስ. ፔጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ያቀረበው ኩሰም ደግሞ የየቀኑን ልዩነት እየደመረ ስለሚሄድ፣ በተለመደው አቀማመጥ ያንኑ ውድቀት በ10 ውጤት ገደማ ይይዘዋል። የ28 ቀን ጥበቃ ላለበት ሥራ ይህ ልዩነት ማለት ጥፋቱ በሁለተኛው ፎቅ ላይ ሳለ ወይም ጣሪያው ከተሞላ በኋላ መታወቅ ማለት ነው። እኔ ሁለቱንም በአንድ ገጽ ላይ አሰፍራለሁ፤ ሼዋርትን በ28 ቀን ውጤት፣ ኩሰምን ደግሞ ከ7 ቀኑ ውጤት ተነሥተን በራሳችን መስመር በገመትነው የ28 ቀን ውጤት፤ የ28 ቀኑ ሲመጣም ግምቱን በእርሳስ ሰርዤ እውነተኛውን በላዩ እጽፋለሁ።